የሼህ ጠልሐ ሉህ

ሀፊዛ ነገሩን የሰማችው ከቀድሞ ጎረቤቷ ከፋጤ ነው። «የአባትሽን ሉህ ሙዚየም ውስጥ አየሁት። ከሥሩ ‹የሙዚየሙ ንብረት› የሚል ለጥፈውበታል» አለቻት በስልክ። ሀፊዛ ስልኩን ዘግታ ወዲያው ከቤት ወጣች።

ሉሁ አባቷ ሼህ ጠልሐ ከወሎ ይዘውት የመጡት፣ አርባ ዓመት ሙሉ የካዛንቺስን ልጆች ቁርኣን ያቀሩበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እዚያው አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ማዞሪያ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ለስድስት ወር ኤግዚቢሽን ለምኗት በውሰት ሰጠች። ከዚያ አባቷ ታመው ሞቱ፤ ሰፈሩም ፈረሰና ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገባች። ሉሁን ግን አልረሳችውም። ደህና ቦታ ነው ያለው ብላ ነበር የተቀመጠችው።

ሙዚየሙ ስትደርስ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ካሳይ ወንበር ሰጥቷት ፋይሉን ገለጠ።

«እናቴ፣ ዓምና ካዛንቺስ ደብዳቤ ልከን ነበር፤ ‹ባለቤት አልተገኘም› ተብሎ ተመለሰ። ደብዳቤው ከተመለሰ በዓመት ውስጥ ካልተወሰደ ለሙዚየሙ ይሆናል ይላል መመሪያው። ዓመቱ ባለፈው ወር ሞላ፤ በቃ።»

«ያልተገኘው ቤቱ ነው፤ እኔማ ይኸው አለሁ። ፎርሙ ላይ ስልኬን ጽፌያለሁ። ደውል እስቲ።»

«አሁን?»

«አሁን!»

ካሳይ ፎርሙን እያየ ቁጥሩን ነካካ። ስልኩ ሀፊዛ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። አላነሳችውም፤ ጮሆ እስኪያበቃ ካሳይን ዓይን ዓይኑን አየችው። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ መተየቧን አቆመች።

«መመሪያው ግን በደብዳቤ ነው የሚለው፣ ማለቴ...»

«እንግዲያው እኔም ያለ አባቴ ሉህ ከዚህ ወንበር አልነሳም። መመሪያህ ስለሱ የሚለው ነገር ካለ አንብብልኝ።»

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡም አልተነሳችም። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ ሀዊ መጣች፤ ፋይሉን ቆማ አነበበች።

«አንድ ቀን እንኳ አልደወልክም?» አለችው ካሳይን።

ሀዊ ወደ ሀፊዛ ዞራ፣ «እባክዎ ሉሁ እዚሁ ይቆይ፤ የአባትዎን ስም እንጽፍበታለን» አለች።

«መጀመሪያ እጄ ላይ አድርጉት። ከዚያ ከፈለጋችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ጠይቁኝ። ያኔ አስባለሁ።»

ሉሁን ከመስታወት ሳጥኑ አወጡላት። ጠርዙ ላይ በነጭ ቀለም መለያ ቁጥር ጽፈውበታል። ፈርማ ተቀበለች። ካሳይ በካርቶን ላሽገው ቢላት እምቢ ብላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋው ወጣች።

ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። መስቀል አደባባይ ስትደርስ ግማሹ ለቆ ነበር።