የኔታ በቀኝ ወንበር

የምድብ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ ያየው የራሱን ስም ሳይሆን ከራሱ በላይ የተጻፈውን ነበር። ዋና አብራሪ በሚለው ቦታ የሚስቱ ወንድም፣ ረዳት አብራሪ በሚለው ቦታ እሱ። ከሥር ደግሞ «የመጨረሻ የመስመር ፈተና» የሚል ተጨምሮበታል። መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገና ደግሞ አነበበው። መነጽሩ ምን በወጣው፤ ያው ነው።

ይህ ሁለተኛው ዕድሉ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ወድቋል፤ ዛሬም ከወደቀ ኩባንያው እጁን ጨብጦ፣ አመስግኖ ያሰናብተዋል። ጡረታው ጥቂት ዓመት የቀረውን አብራሪ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጠዋት ሲወጣ ሚስቱ በር ላይ ኮሌታውን እያስተካከለች፣ «ለዛሬ እንኳ አፍህን ዝጋና አልፈህ ና» ብላው ነበር። ከማን ጋር እንደሚበር ብታውቅ ኮሌታውን ትታ አፉን ትቆልፍለት ነበር።

ባልደረቦቹ የኔታ ይሉታል። ስሙ የወጣለት በድሮው፣ በትንሹ ኩባንያ ሳለ ነው። እዚያ ዕድሜውን ሙሉ በባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ግራ ወንበር ላይ፣ ማለትም በዋና አብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በቀኙ የመጣለትን ጀማሪ ሁሉ ሲያስተምር፣ ሲቆጣ፣ ሲያሾፍ ኖሯል። ከዚያ ትልቁ ኩባንያ ትንሹን ዋጠው። ዋጠው ማለት ነውር ይመስል «ውህደት» አሉት። አዲሶቹ አለቆች ገና ወንበራቸው ሳይሞቅ፣ ሁለት ዓይነት አውሮፕላን መያዝ ኪሳራ ነው ብለው ፕሮፔለሮቹን አንድ ሳያስቀሩ ለገበያ አወጡ። አንዱን እንኳ ሸኝቶ ነበር የኔታ፤ ገዢዎቹ ሲያስነሱት ሞተሩ እንቢ ሲላቸው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ቀጥሎ የሰዎቹ ጉዳይ መጣ። አብራሪ የሚኖረው በተራው ነው። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ፣ የዓመት ፈቃዱን መቼ እንደሚያገኝ የሚወስንለት የተቀጠረበት ቀን ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ተራ ሊቀላቀል ሲል የትልቁ ኩባንያ አብራሪዎች አዳራሽ ተሰብስበው፣ የትንሹ ኩባንያ አገልግሎት በግማሽ ይቆጠር ሲሉ እጃቸውን አወጡ። በቁጥር ይበልጣሉና ሆነላቸው። በዚያች አንድ ከሰዓት የየኔታን ዘመን ግማሹን ውሃ በላው። ከግራ ወንበር ተነስቶ ቀኝ ተቀመጠ።

እጃቸውን ካወጡት አንዱ የሚስቱ ወንድም ነው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ቢጀምርም ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የሚለው። መብረርን ያስተማረው የኔታ፤ ገና ጀማሪ ሳለ ወደ ትልቁ ኩባንያ ሲሄድ ሻንጣውን የተሸከመለትም የኔታ። አሁን የማሙሽ ተራ ደርሶ ባለ ሁለት መተላለፊያ ወደሆነው ግዙፍ አውሮፕላን ሊዛወር ትንሽ ቀርቶታል፤ አብራሪ ነኝ ያለ ሁሉ የሚመኘው ወንበር ነው።

«እጅህን አወጣህ?» ብሎ ጠይቆት ነበር የኔታ፣ በገዛ ቤቱ፣ ምግብ ቀርቦ።

«አወጣሁ» አለ ማሙሽ ዓይኑን ሳያሸሽ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። የእናንተ ዘመን ሙሉ ቢቆጠር የምወርደው እኔ ነበርኩ።»

«ዘመኔ ግማሽ ከሆነ አማችነቴም ግማሽ ነው። ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ማሙሽ ያነሳውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ ወጣ። የየኔታ ሚስት ሁለቱንም ተራ በተራ ረገመች፣ ከዚያም አለቀሰች። የኔታ ግን ወራት አልፈው እንኳ ቁጭቱ አልበረደለትም። ማሙሽ ከዚያ ከተሰቀለበት ዱብ ሲል ለማየት ይመኝ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረም፣ ለራሱም ደፍሮ አልተናገረም፣ ግን ይመኝ ነበር።

የኔታ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ሲገባ ማሙሽ በግራ ወንበር ተደላድሎ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን እየነካካ ነበር።

«እንደምን አደሩ ካፒቴን» አለ።

ይኼ «አደሩ» ነው ያንገበገበው። ድሮ «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» ነበር፤ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ መሳሳም ነበር። አሁን በአክብሮት አድርጎ አርቆ አስቀመጠው። የኔታ «ይመስገን» ብሎ ቀበቶውን አጠበቀ። ከኋላቸው ባለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ፈታኟ ተቀምጣለች፤ ስትጽፍ ብዕሯ የማይሰማ፣ ስታይ ዓይኗ የማይርገበገብ ሴት ናት።

የኔታን በፊተኛው ፈተና የጣለው እጁ ነበር። በፕሮፔለሮቹ ጊዜ መሪውን የሚይዘው በግራው ነው፤ ወደ ቀኝ ወንበር ሲወርድ ግን ሥራው ሁሉ ለቀኝ እጁ ተሰጠ፣ ቀኝ እጁ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ፊደል አልቆጠረም። እሱንስ እንደምንም ለመደው። ያልለመደው ሌላውን ነው። በድሮው አውሮፕላን ሁለቱ መሪዎች ከወለሉ በታች የተያያዙ ነበሩ፤ አንዱ ሲያዞር የሌላውም እጅ ይሰማዋል። የኔታ የሚያስተምረው በዚያ ነበር። ጣቶቹን መሪው ላይ አሳርፎ፣ ሳይጫን፣ የተማሪውን እጅ እያዳመጠ። ለተማሪዎቹም «እጅህ ይከተል እንጂ አይምራ» ይላቸው ነበር፤ እሱ ሲያበር እነሱም እንደዚያው እንዲያዳምጡት። በአዲሱ አውሮፕላን ግን መሪ የሚባል የለም። በየወንበሩ ጎን አንዳንድ ትንሽ እጀታ አለች፤ አንዷ ስትነካ ሌላዋ ንቅንቅ አትልም። ሁለቱም ባንዴ ከተገፉ ደግሞ ማሽኑ «ሁለት እጅ!» ብሎ እየጮኸ ሁለቱን ደምሮ ይታዘዛል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የሚረከበው «ይዣለሁ» ይላል፣ የሚያስረክበው «ይዘሃል» ብሎ እጁን ያነሳል። ሳይናገሩ መንካት ክልክል ነው።

መሄጃውን ማሙሽ አበረረ፣ ያለ አንዳች እንከን። መመለሻው የየኔታ ነው።

«ይዣለሁ።»

«ይዘዋል» አለ ማሙሽ።

መንገዱ ሁሉ ደህና ነበር። ከተማዋ ስትቃረብ ግን ነፋስ ተነሳ። ከቀኝ እየመጣ ይገፋል፣ ደግሞ ይተዋል፤ ለቆ ይይዛል። የኔታ ላብ ከጀርባው ሲወርድ ተሰማው። ማኮብኮቢያው ፊት ለፊታቸው ወዲያና ወዲህ ይላል። ከኋላ ምንም አይሰማም፤ ፈታኟ መተንፈስም የተወች ይመስላል። ማሽኑ ከፍታውን መቁጠር ጀመረ። ሃምሳ። አርባ። ሠላሳ።

እዚያ ላይ ነፋሱ የቀኙን ክንፍ ከሥሩ አነሳው። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ዘመም አለ። የየኔታ እጅ ሳያስበው ወደ ቀኝ ሄደ፤ በልኩ፣ በሚገባው ያህል። ያቺ ያልተማረች እጁ መቼ እንደተማረች እንጃ።

«ሁለት እጅ! ሁለት እጅ!» ብሎ ጮኸ ማሽኑ።

አውሮፕላኑ ከሚገባው በላይ ወደ ቀኝ ጋደለ። የቀኝ ጎማው ብቻውን መሬቱን ደቃው፣ ነጠረ፣ ከኋላ የተሳፋሪዎች ጩኸት ተሰማ። የኔታ እጁን መለሰ፣ አቃናው፣ ሁለቱም ጎማዎች መሬት ያዙ። ሲቆም ቀና ብሎ ወደ ግራው አየ። ማሙሽ እጁን ከእጀታው ላይ አንስቶ አየር ላይ ይዞታል፤ የጋለ ብረት የነካ ነው የሚመስለው።

ገፋኝ፣ አለ የኔታ በሆዱ። ሆን ብሎ ጣለኝ። ደሙ እስከ ጆሮው ፈላ። ማቆሚያው ላይ ሞተሮቹ እንደጠፉ ፈታኟ ተነሳች።

ፈታኟ የወሰደቻቸው ክፍል ሦስት ወንበርና ውሃ የሚያንጠባጥብ የአየር ማቀዝቀዣ ያለበት ነው። ቴክኒሻን ጠርታ የበረራውን ቅጂ እንዲያመጣላት አዘዘች። ከዚያ ወደ የኔታ ዞረች።

«ካፒቴን፣ ያንን ነፋስ ሲያርሙ እርዳታ ያስፈልግዎት ነበር?»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱ ግን አንዱን ይጥላል። አስፈልጎኝ ነበር ካለ ወደቀ። አላስፈለገኝም ካለ ያለ ምክንያት የነካው ማሙሽ ነው፤ ሲመኘው የኖረው ነገር እነሆ በአንድ ቃል ይፈጸምለታል።

«አላስፈለገኝም» አለ። እውነትም ነበር።

«እርስዎስ ለምን ነኩ?» አለችው ማሙሽን።

የኔታ ወደ ማሙሽ ዞረ። «አደጋ አይቼ ነው» ይበል ብቻ፤ ዋና አብራሪ ነው፣ ቃሉ ይሰማል፣ የኔታ በዚያው ያበቃለታል። 

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ማሙሽ። «ጣቶቼ እጀታዋ ላይ ነበሩ። እየተከተልኩ ነበር እንጂ ልይዝ አላሰብኩም። ከዚህ አውሮፕላን ጋር ይህን ያህል ኖሬ ከማንም ጋር አድርጌው አላውቅም። ዛሬ... አጠገቤ የተቀመጡትን ሳይ እጄ ራሱ ሄደ።»

«መከተል ማለት? ይህን ማን አስተማረዎት?»

ማሙሽ ዝም አለ። የአየር ማቀዝቀዣው ተንጠባጠበ። የአስተማሪውን ስም ላለመጥራት ብሎ እንደሆነ የኔታ ገባው፤ ሲገባውም ያ ሁሉ ንዴት ከሥሩ ተንዶ ሄደ፣ በቦታው እፍረት ገባ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ቴክኒሻኑ ወረቀቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አንዱ የየኔታ እጅ፣ አንዱ የማሙሽ። ፈታኟ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። መስመሮቹ በአንድ ቅጽበት ተነስተው፣ በአንድ ልክ ወደ ቀኝ ሄደው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል።

«አንዳችሁ ብቻ ብትሆኑ ልክ ነበር» አለች። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ማሽኑ ደመራችሁ።» ቀና አለች። «እርስዎ አልፈዋል» አለችው የኔታን። ወደ ማሙሽ ዞረች። «እርስዎ ግን ካፒቴን፣ ሳይናገሩ ነክተዋል። የትልቁ አውሮፕላን ዝውውር ይታገዳል፣ ተራው ለሚቀጥለው ይሰጣል። ወደፊት ይታይልዎታል።»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያልኩሽ!» አለ የኔታ ከወንበሩ ተነስቶ። «እሱንም ጻፊው!»

«ለእሱ ቅጹ ላይ ቦታ የለም» አለችው በቁጣ ሳይሆን እንዲያውም በሐዘን፣ ብዕሯንም ከደነች።

ውጭ ፀሐዩ ገና አልበረደም። የኔታ የሠራተኞች አውቶቡስ ይጠብቅ ጀመር። ማሙሽ ራቅ ብሎ መኪናው አጠገብ ቆሞ በስልክ ለሚስቱ ሲናገር ይሰማዋል። «ትልቁ ቀርቷል... አይ፣ ደህና ነኝ... ለልጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ስልኩን ዘግቶ መኪናዋን አስነሳ፣ መጥቶ አጠገቡ አቆመ።

«ይግቡ።»

ገባ።  ስድስት ወር ሙሉ የተመኘው ነገር እነሆ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ደስታው ግን የት እንደገባ እንጃ። መብራት ላይ ሲደርሱ አረንጓዴ በራ፣ ማሙሽ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ። የኔታ ያኔ ነው የማሙሽን እጆች ያየው፤ መሪውን ጨብጠው ቀርተዋል። ማሙሽ እንደምንም መኪናዋን ወደ ዳር አወጣትና ሞተሩን አጠፋ።

«አልዋሽህም» አለ ወደ ፊት እያየ። «እጄን በማውጣቴ አልጸጸትም። ነገም ቢሆን ለልጆቼ ስል አወጣለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ስናርፍ ግን ልጥልህ ብዬ አልነበረም።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ አንተ ከይሲ። ወረቀቱን አይቼው የለ?»

ማሙሽ ሊስቅ ሞከረ፣ አቃተው። የኔታ በሩን ከፍቶ ወረደ። መኪኖች እየጮሁበት በፊት ለፊት ዞሮ መጣና የሹፌሩን በር ከፈተ። መሪውን ከላይ በኩል በግራ እጁ ያዘ።

«ይዣለሁ» አለ።

ማሙሽ ቀና ብሎ አየው። ዓይኖቹ ሞልተዋል።

«ይዘሃል፣ ጋሼ» አለና እጆቹን አንስቶ ወደ ቀኙ ወንበር ተሻገረ።

የኔታ ገብቶ ወንበሩን ወደ ራሱ ሳበ፣ መስታወቱን አስተካከለ። ከዚያ መኪናዋን የማሙሽ እህት ወደምትጠብቅበት ቤት ነዳት።