የጊታሩ ድንች

እህቴ ትንቢት ከአዳማው ሚኒባስ ስትወርድ ጊታሩን እንደ አራስ ልጅ አቅፋው ነበር። እኔ ደግሞ ከሳጉሬ የመጣልኝን ድንች ከጋሪ እያስወረድኩ፣ እጄ አፈር በአፈር ሆኖ ቆሜያለሁ። አገላብጣ ስማኝ ስታበቃ የመጀመሪያ ወሬዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ራሄልዬ፣ ጊታሩ ታሞብኛል!»

ስለ እኔ ጤና እንኳ ሳትጠይቅ!

ምን አፍራለሁ፣ እቀናለሁ። በእሷም እቀናለሁ፣ በጊታሩም እቀናለሁ። ባለ አሥራ ሁለት ክሩ ጊታር የአባባ ነበር። አባባን፣ መምህር እንደሻውን፣ አሰላ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲመቱት ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ያቆም ነበር። ሪህ ጣታቸውን ሲያስርባቸው ታዲያ ለማን ሰጡት? አዳማ ገብታ ለቀረችው ለትንቢት! እዚሁ የቀረሁት፣ መድኃኒታቸውን የማቀርበው፣ ብርድ ሲገባ እግራቸውን የማሸው እኔ ምን አገኘሁ? ምርቃት። ምርቃት አይጠላም፤ ግን ሰው ፊት አውጥተው አይጫወቱበትም።

«እሷ መጫወት ትችላለች» ይላሉ። ትችላለች፤ አልዋሽም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ልጆች ሳለን እሷን አጠገባቸው አስቀምጠው ጣቷን ክሩ ላይ ያስይዟታል፤ እኔን ደግሞ «ራሄል፣ ድንቹን ቀይሪ» ይሉኛል።

ድንቹ እንዲህ ነው። የበጋ ነፋስ እንጨት ያደርቃል። አባባ በሚስማር በተበሳ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ግማሽ ድንች ከተው ከጊታሩ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ይዘጉበት ነበር። ድንቹ ቀስ እያለ እርጥበቱን ይለቃል፤ እንጨቱም ሳይኮማተር በጋውን ያልፋል። ድንቹ ሲጨማደድ በአዲስ መቀየር የእኔ ሥራ ነበር። ትንቢት ጊታሩን የምታየው ከሳጥን ወጥቶ፣ ተቃኝቶ ሲጠብቃት ነው። ምን በልቶ እንዳደረ ጠይቃ አታውቅም፤ «ድንቹን ቀይሪ» ሲባልም የጓዳ ሥራ ይመስላት ነበር።

ቤት ገብተን ጊታሩን አውጥታ ነካ ስታደርገው ዝዝዝ አለ። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ በሉት። የአዳማ ሙቀት እንጨቱን አድርቆት ሆዱ ሰርጎድ ብሏል፤ ክሮቹም ዝቅ ብለው አንገቱ ላይ ከተሰኩት ብረቶች፣ ፍሬት ከሚሏቸው፣ ጋር ይነካካሉ።

«እሁድ በዚህ ድምፅ ልጫወት ነው?» ብላ እንባዋ መጣ። እሁድ የአባባ የድሮ ተማሪዎች የምስጋና ዝግጅት አዘጋጅተውላቸዋል፤ እሷ ደግሞ አባባ ራሳቸው የደረሱትን ዜማ ልትጫወትላቸው ነው። «አዳማ ያሳየሁት ጠጋኝ ፍሬቶቹ ይሞረዱ ብሏል። ኦብሳ ነገ ይምጣና ይሞርድልኝ።»

ኦብሳ ሰፈራችን ያለ አናጺ ነው። አባባ ከወንበራቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ! ብረቱ አንዴ ከተሞረደ አይመለስም፤ ጊታሩም እንደ ድሮው አይሆንም። ይሁን! ለእኔ ያልሆነ ለእሷም አይሁን አልኩ። እውነቴን ነው፣ ልክ እንደዚህ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ኦብሳ ሞረዱን ይዞ ከተፍ አለ። አባባ ለቅሶ አለብኝ ብለው ወጡ። ትንቢት ክሮቹን ፈትታ ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። ሆዱ ላይ ያለችውን ጭረት አየኋት። ትንሽ ሳለሁ ቆርቆሮውን ሳስገባ የጫርኳት ናት፤ አባባ ያኔ ሳይቆጡ በሰም አሹልኝ። ኦብሳ ሞረዱን አነሳ።

«እጅህን!» አልኩት። ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። «እንዳትነካው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ትንቢት።

«ምንም አልሆንኩ። ክሩን መልሺና ለእኔ ስጪኝ። እሁድ ጠዋት ካልዳነ ኦብሳ እዚሁ አለ፤ ያኔ ይሞርደው።»

«አንቺ ስለ ጊታር ምን ታውቂያለሽ?»

አይ ትንቢት! ይህን ጊታር ስንት በጋ ያሳለፍኩት እኔ አይደለሁም? ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። «ድንች ነጋዴ የሚያውቀውን ያህል» አልኳት። ኦብሳ በሁለታችን መሐል ግራ ገብቶት ቢቆይም፣ «ቶሌ፣ ይሁን» ብሎ ሞረዱን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ቆርቆሮው አልጋዬ ሥር ነበር። ጊታሩ ከሄደ ወዲህም መጣል አልሆነልኝም። ከድንቼ ውስጥ ደህናውን መርጬ ገመስኩት። ክሮቹን አላልቼ፣ ቆርቆሮውን ከትቼ፣ ሳጥኑን ዘግቼ ክፍሌን ቆለፍኩ። ትንቢት ሳምንቱን ሙሉ በሬን ስትዞር ሰነበተች። «ልየው እንጂ!» ትላለች። «አይታይም!» እላታለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እስኪ አንቺም ሌላው የያዘውን ከውጭ ሆነሽ እዪ!

እሁድ ጠዋት ቆርቆሮውን አውጥቼ ደብቄ ጊታሩን ሰጠኋት። ሆዱ ተመልሶ ሞልቷል። ቃኝታ መታችው፤ ዝዝታው ጠፍቷል። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ስትጫወት አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው የታሰሩ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ያንቀሳቅሳሉ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጥ!» እያለ አባባን የማይስም የለም። እኔ ከኋላ፣ ከለስላሳ ሳጥኖቹ ጋር ቆሜያለሁ። ያጨበጨቡለት ድምፅ የእኔ ድንች ነው!

ወደ አዳማ ልትመለስ ሚኒባስ ላይ ስናሳፍራት፣ «አባባ፣ ግን ምን አዳነው?» አለች።

«የአሰላ አየር ነዋ» አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። «አገሩ ናፍቆት ነው። ሲታመም ይዘሽው ነይ።»

ሚኒባሱ ከዓይናችን እንደራቀ ወደ እኔ ዞሩ።

«ድንቹን አወጣሽው?»

ክው አልኩ። «አወጣሁት።»

«ደግ አደረግሽ።»

«እያወቁ ነው እንዴ ዝም ያሉት? ኦብሳ ሞርዶት ቢሆንስ?»

«አንቺ እያለሽ? ሞረዱን ሳይ ነው እኮ ለቅሶ የሄድኩት።» ሳቅ አሉ። «ጊታሩን ለእሷ የሰጠሁት ለጨዋታ ብቻ መሰለሽ? በታመመ ቁጥር ይዛው እንድትመጣ ነው። ድንቹን ነግሬያት ቢሆን ዘንድሮ መች እናያት ነበር?»

«ለእኔስ?» አልኩ። አፌ ቀደመኝ፤ መንገድ ላይ መሆናችንን እንኳ ረሳሁት። «ለእኔስ ምን ሰጡኝ?»

አባባ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ጥያቄው እውነት አልገባቸውም።

«ለአንቺማ ምን ሰጥቼ ላስመጣሽ?» አሉ። «መች ሄደሽብኝ?»

ልናደድ ፈለግኩ፤ አቃተኝ። ላለቅስም ፈለግኩ፤ ባጃጁ ሁሉ ያየኛል። «እኔም አንድ ቀን ብድግ ብዬ እሄዳለሁ፣ ያኔ ያያሉ!» አልኳቸው።

«እስኪ ሞክሪ» አሉና ያን የታሰረ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤት መራመድ ጀመሩ። ከብዶኝ ነበር። ግን ቤት እስክንደርስ እጃቸውን አላስነሳኋቸውም።