የቀጮ ጣቶች

ሳክስፎን የሚነፋው ቀጮ ይህን ዘፈን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጫወተው። ዛሬ ግን ግንባሩን ቋጥሮ የገዛ ጣቶቹን በዓይኑ ይከተላል። ድምፃዊቷ ማይኩን እንደያዘች አየችውና መዝፈኗን አቆመች።

«ምን ሆነሃል?»

«ኧረ ምንም!» አለ። ቶሎ አለ፣ እሷ እንኳን ጥያቄዋን ሳትጨርስ።

ለማታው ኮንሰርት ድምፅ እየሞከሩ ነው። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ጽዳቶቹ ወንበር ይደረድራሉ። ባንዱ የተወለደው በእናቷ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ታላቅ ወንድሟ ሬጌ ይዞ መጣ፣ ከበሮ መቺው ሮክ፣ ቀጮ ጃዝ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስቱ ሲናከሱ የምታስታርቃቸው እሷ ናት። ይሄኛውን ደግሞ ግጥሙንም ዜማውንም ብቻዋን ጽፋዋለች። ሕዝቡ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ሽቅብ የምትወጣበትን ስንኝ ነው።

ዛሬ በመጀመሪያው ሙከራ ያች ስንኝ ያለ ምንም ጣር ወጥታላት ነበር። የእናቱን ልጅ እንኳን የማያሞግሰው ከበሮ መቺ «ዛሬስ ድምፅሽ!» ብሏታል። ደስ ብሏት ነበር፣ ሞኟ።

አሁን ገባት፤ ዘፈኑን ዝቅ አድርገውታል። ኪቦርድ ላይ አንዲት ቁልፍ ከተጫኑ ዘፈኑ በሙሉ ከቀጭን ወደ ወፍራም ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የወንድሟ እጅ እንደ ልማዱ ይሄዳል፣ የሚያይ ሰው ምንም አያውቅም። ሳክስፎን ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። ዘፈኑ ዝቅ ካለ ጣት አዲስ መንገድ መማር አለበት።

ታዲያ ለማን ብለው ነው ዝቅ ያደረጉት? ሰሞኑን ልምምድ ላይ ጥግ ይዛ የምትቀመጠዋ፣ ያቺ ድምፀ ወፍራም ልጅ ትዝ አለቻት። «የጓደኛዬ እህት ናት፣ ሙዚቃ ትወዳለች» ብሏት ነበር ወንድሟ። ሙዚቃ የማይወድ ማን አለና! ደግሞ እሷ ስትገባ ወሬ የሚያቋርጡት ለምንድን ነው? ስልክ ሲደወልለት ውጭ የሚወጣውስ?

ወደ ኪቦርዱ ሄደች። የኪቦርዱ ትንሽ ስክሪን ላይ የመቀነስ ምልክትና 2 ቁጥር ተጽፏል።

«ለማን ነው?»

«ምኑ?» አለ ወንድሟ፣ ገመድ የሚፈታ መስሎ።

«አታድርቀኝ! ዘፈኔን በልኳ ሰፋችሁላት አይደል? ለዚያች ልጅ!»

ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ማገላበጥ ያዘ። ወንድሟ ገመዱን ለቀቀው።

«ላንቺ ነው» አለ። «ላይኛው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ይሰነጠቃል፣ እህት ዓለም። ከጀመረው ቆይቷል። አንተ ንገራት፣ አንተ ንገራት ስንባባል ጊዜው ሄደ። ትናንት ዝቅ እናድርገው ተባባልን፤ ቀጮ ገና አልለመደውም።»

«ልጅቷስ?»

«የጓደኛዬ እህት ናት አልኩሽ እኮ።»

ውሸታም! ብላ አሰበች። መቼም መልስ አጥቶ አያውቅም። በልቧ የድምፅዋ የጠዋት ጠዋት መጎርነን ድቅን አለባት፤ ብርድ ነው ብላ ነበር፣ ብርድ ነው። ከገዛ ባንዷ ሊያስወጧት ሲፈልጉ ታማለች ማለት አይከብዳቸውም። ንዴቷ እንባ እንባ አላት።

ቁልፉን ተጭና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰችው።

«ከመጀመሪያው። በድሮው።»

«ተይ፣ ለማታ ድምፅሽን አታድክሚው...»

«በድሮው አልኩ!»

ቀጮ ወንድሟን አየ። ወንድሟ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። መግቢያው ተነሳ፤ የቀጮ ጣቶች ቤታቸውን አገኙ፣ ሬጌውም ሮኩም ከስር ተያያዘ። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች በንዴት ዘፈነቻቸው፤ ጥሩ ወጡ። ጽዳቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ይኸው! አለች በሆዷ፣ ይኸው!

ላይኛው ስንኝ ሲቃረብ ፊታቸውን ለማየት ዞረች። ከበሮ መቺው አቀርቅሯል። ቀጮ ጀርባውን ሰጥቷል። ወንድሟ ሕፃን ሊወድቅ ሲል እንደሚያይ ሰው ፊቱን አጨማዶ ዓይኑን ጨፍኗል።

ያኔ አመነችው። ትንፋሽ ግን ስባ ነበር፤ አፏን ከፈተች።