ቀበቶ የሚያስረው እጅ

ብሩክታይትን ያናደዳት የሰው ሳቅ አይደለም። ሰው ሲሳሳት ይሳቅበታል፤ እሷም በሰው ስቃ ታውቃለች። ያንገበገባት ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሳቀው ማስተር ዳልጮ መሆኑ ነው። አሰልጣኟ! ኧረ እሱም አሰልጣኝ ከተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ አዳራሽ ማስተር ዳልጮ ቴኳንዶ ያሰለጥናል። ወንዶችም ሴቶችም እኩል ይገባሉ፤ አብረው ይሮጣሉ፣ አብረው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ማስተር ያጨበጭብና «ሴቶች፣ ወደ ቤት!» ይላል። ዋናው ትምህርት የሚጀመረው እነሱ ከወጡ በኋላ ነው። እርምጃና ምት በቅደም ተከተል የተሰደረበት፣ ፑምሴ የሚባለው፣ ለቀበቶ የሚፈተኑበት ስልት በሩ ተዘግቶ ለወንዶቹ ብቻ ይሰጣል።

ለምን ሲሉት መልስ አያጣም። «ሴት ልጅ ቢመሽባት የሚነሳው የእኔ ስም ነው። በቤተ ክርስቲያን የማገለግል ሰው ነኝ እኮ!» የወንዶቹ እግር ሲጣመም ጎንበስ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞ ያስተካክላል። ሴቶቹ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያልፋል። «የሴት ልጅ እግር አልነካም» ይላል፤ ይህንንም እንደ ጽድቅ ይቆጥረዋል። እሺ፣ አትንካ! አፍህንስ ምን ያዘው? «ጉልበትሽን እጠፊ» ማለት ያስኮንናል? አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ የለ? የኮሌጅ ተማሪዎቹ ብሩክታይትና ሰልሳቢል አሰልጣኝ እያላቸው ፑምሴን የተማሩት ከስልክ ነው። የሰልሳቢል አባት ጋሽ አብዱልመጂድ ሳሙናና ዘይት በጅምላ ይሸጣሉ። «ካርቶኑን እንዳትረግጡብኝ እንጂ እንደፈለጋችሁ» ብለው መጋዘናቸውን ሰጧቸው። ስልኩን ጀሪካን ላይ አስደግፈው ዩቲዩብ ላይ ያለውን ሰውዬ እያዩ፣ ክንዱን ሲያነሳ እያነሱ፣ ሲዞር እየዞሩ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የስልኩን ዘር ማንዘር እየተሳደቡ ተማሩት። ብሩክታይት ሊጥ ስታቦካ እንኳ እግሯ ፑምሴ ይሠራ ጀመር።

ታዲያ ሰውዬው የሚሠራው ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ነው። የእሱ ግራ በእነሱ ቀኝ በኩል ነው የሚውለው። እሱ ወደ ግራው ሲዞር እነሱ ወደ ቀኛቸው ዞሩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምንም ሳያጎድሉ ገልብጠው አጠኑት! ሁለቱም እኩል ስለተሳሳቱ አንዷ ሌላዋን የምታርምበት መንገድ አልነበረም። ስልክ ያሳያል እንጂ አያይ። ጭራሽ እኩል ሲዞሩ «አየሽ፣ ገጠመልን!» እየተባባሉ ደስ ይላቸው ነበር።

የፈተናው ቀን ከቦዲቲ ማስተር ጌታሁን መጡ። ዳልጮን ራሱን ያሰለጠኑ ሽማግሌ ናቸው። አዳራሹ በቤተሰብ ሞልቷል፤ ፎቶ አንሺም ተጠርቷል። በዚህ ስፖርት ወግ አለ፤ ያለፈ ሰው ቀበቶውን ራሱ አያስርም፣ አሰልጣኙ በገዛ እጁ ወገቡ ላይ ያስርለታል። ብሩክታይት የምትፈልገው ቢጫውን ነው። ለዞኑ ቡድን ምርጫ የሚቀርበው ቢጫ ያሰረ ብቻ ነው፤ ምርጫው ደግሞ ደርሷል። ከዚህ ቀን ውጪ ሌላ ዕድል አልነበራትም።

ተጠራች። እጅ ነሳች። ጀመረች፤ በቀኝ።

መጀመሪያ ከወንዶቹ አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለ። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን ለምን እንደሚሳቅ ስላልገባት እስከ መጨረሻው ሠራችው፤ ምቷ እንዴት ያለ ምት ነበር መሰላችሁ!

ማስተር ዳልጮ ሆዱን ይዞ ስቆ ሲያበቃ ተነሣ። «ወላጆች፣ ልብ በሉ! የስልክ ተማሪ ማለት ይኸውላችሁ! ግራና ቀኙን አያውቅም! ይህችን እኔ አላስተማርኳትም!»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! አለማስተማሩን በገዛ አፉ መሰከረ፣ የተወቀሰው ግን ስልክ ሆነ። ብሩክታይት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ማስተር ጌታሁን አልሳቁም። «ሌሎቹ ሴቶች ይምጡ» አሉ። «ይህንኑ ሥሩልኝ።»

ልጆቹ ወጥተው ተሰለፉ። ሰልሳቢል የምታውቀው ያንኑ የተሳቀበትን ስለሆነ ባለችበት ቆመች፤ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ክንዷን ወደ ላይ አነሳችና መልሳ ጣለችው። በመጨረሻ ሩት የምትባለው፣ «አላስተማሩንም» አለች። «አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት እንባላለን።»

«ዳልጮ?» አሉ ሽማግሌው።

«ማስተር፣ ያው... የሰው አፍ...»

ማስተር ጌታሁን የሰው አፍ ምን እንዳለ ሊሰሙ አልፈለጉም። ጃኬታቸውን አውልቀው መሐል ገቡና ለብሩክታይት ጀርባቸውን ሰጧት። «ከኋላዬ ሁኚ። በግራ ነው የሚጀመረው። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ፊቱን ወደ አንቺ አዙሮ ስለሠራ ነው፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም።» ቀስ ብለው ሄዱ፤ ተከተለቻቸው። ሁለት ቦታ ተደናገረች። ዞር አሉና የተረከዟን ቦታ በእግራቸው ጫፍ አሳዩዋት። ደገሙት። ከዚያ ብቻዋን ሠራችው።

«ሎኦ!» አሉ ሽማግሌው በወላይትኛ፤ ጎሽ ማለታቸው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ብሩክታይት አለቀሰች። ሰው የደስታ መሰለው። የምን ደስታ! ይህችን ታህል ነገር ኖራለች እንዴ? ጀርባውን የሚሰጣት አንድ ሰው! «በግራ» የምትል አንዲት ቃል! ለዚህች ነው ዓመት ሙሉ የለፋችው፣ ለዚህች ነው በሀገር ፊት የተሳቀባት! እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችው፤ መልሶ መጣ።

«አልፈሻል» አሉ ማስተር ጌታሁን። «አሰልጣኝሽ መጥቶ ቀበቶሽን ይሰር።»

ወይ ጉድ! ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ማስተር ዳልጮ! ቢጫውን ቀበቶ በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ፎቶ አንሺውን በዓይኑ እየጠራ፣ ጥርሱን ገልጦ መጣ። «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ይህች ልጅ ብርቱ ናት! የእጄ ሥራ!» አለና እጆቹን በወገቧ ዙሪያ ሰደደ።

ብሩክታይት ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎ ይሰሩልኝ። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ማስተር ጌታሁን ግንባራቸውን አሹ። «ፈታኝ አያስርም፣ ልጄ። ደንብ ነው። አሰልጣኝ ያላሰረው ቀበቶ ደግሞ አይቆጠርም፤ ለቡድኑም አያስመርጥሽም። እስቲ አስቢበት።»

«ተይ እንጂ» አለ ዳልጮ በሹክሹክታ፤ ለፎቶው ፈገግታውን አላጠፋም። «ሰው እያየ ነው።»

«ይይ እንጂ!» አለች፤ ድምፅዋ በር ድረስ ተሰማ። «ዓመት ሙሉ እግሬ ተጣሞ እያዩ፣ ሴት ነሽ ብለው አልነኩኝም። ዛሬ ፎቶ ሲመጣ ወገቤን ሊነኩ ነው? አያስሩልኝም፣ ማስተር!»

«ያለ ቀበቶ ልትቀሪ?» አለ ዳልጮ።

«ልቅር!»

ለማስተር ጌታሁን ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ እሳቸውም አጸፋውን መለሱ። ጫማዋን አንስታ በባዶ እግሯ ወጣች። ቀጥሎ የተጠራችው ሰልሳቢል ነበረች፤ ተነሣችና ወደ መሐል ሳይሆን ወደ በሩ ሄደች። ሩትም ቦርሳዋን ያዘች።

ዳልጮ ቀበቶውን እንደዘረጋ ቆሟል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ «ማስተር፣ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» አለው።