ፋብሪካው ያልመታው ማኅተም

ጡረተኛው አዳኝ ሁለት ጥይት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሻማ አቆማቸው።

"ጠመንጃዬን ጓሮ ያለው የአሸዋ ክምር ላይ ልሞክረው ነው" አለ። "ቤቴ ከገባ በኋላ ቢያኮርፍብኝ ማንን እቆጣለሁ?"

"ሞክረው እንጂ! እንደ ሙሽራ ነው ያስዋብኩልህ" አለ ጠመንጃ ጠጋኙ።

የጠጋኙ ሴት ልጅ አልሳቀችም። ጠመንጃውን ለመጨረሻ ጊዜ በዘይት እየወለወለች ሳለ ጨርቁ አፈሙዙ ላይ ያለው የፋብሪካ ማኅተም ጋ ሲደርስ ያዝ አለባት። ያረጀ ማኅተም ደግሞ ጨርቅ አይዝም።

ጠመንጃው ከቃታው ሥር ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት የሚጎርስ፣ ካያት ቅድመ አያት የመጣ ሽማግሌ ነው። የአባትና የልጅ ሥራ የእንዲህ ዓይነቶቹን ሽማግሌዎች ማኅተም አንብቦ ዕድሜያቸውንና አቅማቸውን መናገር ነው። ፋብሪካው በጥቁር ባሩድ ዘመን የሠራው አፈሙዝ የዛሬውን ኃይለኛ ባሩድ አይችልም፤ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። የሚችለው ላይ ሁለት ፊደል ያለበት ክብ ማኅተም ይመታበታል። ይኸውና፣ ተመትቶበታል።

አጉሊ መነጽሯን አስጠጋች። ፋብሪካ መጀመሪያ ማኅተሙን ይመታል፣ ቀጥሎ ብረቱን ይወለውላል፣ መጨረሻ ላይ ያጠቁረዋል። ስለዚህ የፊደሉ ጠርዝ ለስላሳ፣ ሆዱም ጥቁር ነው። የዚህኛው ጠርዝ ግን እንደተቆጣ ከንፈር ተገልብጧል፤ ሆዱም ገና ነጭ ነው። በዚያ ላይ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ወደ ግራ ዘመም አድርጎ የሚመታ አንድ ሰው ታውቃለች፤ ዛሬ ጠዋት ቁርስ አብራው በልታለች።

"አባዬ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ና። መፍቻው ጠፍቶብኝ ነው።"

ጠመንጃውን አንጠልጥላ ከመጋረጃው ኋላ ጠበቀችው።

"ይኼን አንተ ነህ የመታኸው" አለች በሹክሹክታ።

"ዝም በይ! ዝገቱን ስፍቅ ማኅተሙ አብሮ ተፋቀ። የነበረውን መለስኩለት እንጂ ምን አደረግሁ?"

"መኖሩን በዓይንህ አየኸው?"

"ዳሰስኩት።"

"በየትኛው ጣትህ?"

አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ ሸሸገ። አሲድ ካቃጠለው ወዲህ ያ ጣት ቅቤና ድንጋይ አይለይም። ዓይኑማ ከተዳከመ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ ይኼን የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።

"በደንበኛ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?" አለና ጠመንጃውን ከእጇ ነጥቆ ወጣ።

አዳኙ ተቀበለው። አንዱን ጥይት ከተተ፤ የብረቱን ቀለበት ገፍቶ መለሰው። ቀጭ! ልጅቱ ሮጣ የጓሮው በር ላይ ተገተረች።

"ልጄ፣ ዞር በይልኝ።"

"አልዞርም ጋሼ።"

"ይቺ ልጅ ምን ነካት?"

"ጉርምስና ነው፣ ተዋት" አለ አባቷ። ድምፁ ግን ተሰብሯል።

አባቷን ትኩር ብላ አየችው።

"እሺ እለቃለሁ" አለች። "ግን አንተ ተኩሰው፣ አባዬ። እሳቸው ለምን ይደክማሉ?"

አዳኙ ከት ብሎ ሳቀ። "እውነቷን ነው! ያስዋበው ሰው ይተኩስ" ብሎ ጠመንጃውን ሰጠው።

አባቷ በግልምጫ እየገረፋት አልፏት ወጣ። እልኸኛ ነው። ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደገፈ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አሳረፈ፣ አሸዋው ላይ አነጣጠረ። "አባዬ ተው" ልትል አፏን ከፈተች። ጣቱ ቃታው ላይ ቆየ። ቆየ። ላብ ከጆሮ ግንዱ ወደ አንገቱ ወረደ።

ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ቀለበቱን ገፋ፤ ጥይቱ ወጥቶ መሬት ላይ ተንከባለለ።

"ማኅተሙ የኔ ነው" አለ ሳይዞር። "እኔ ነኝ የመታሁት። ከዚያ በፊት ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም።"

አዳኙ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። "ይኼን ልታስተኩሰኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ሃያ ዓመት እኮ ነው የማምንህ፣ አንተ ሰው!" መሬት የወደቀውንም ጠረጴዛው ላይ የቀረውንም ጥይት ሰብስቦ በሩን በኃይል ዘግቶባቸው ሄደ።

እሷ እፎይ ብትልም የአባቷ ትከሻ አልላላም። አሁንም ጠመንጃውን እንዳቀፈ ነው።

"ሌላም አለ" አለ።

"ምን ሌላ?"

"ክረምት ላይ ጫማ ሠሪው የወሰደው ጠመንጃ። የእሱንም ስፍቀው ማኅተሙ ጠፍቶብኝ እኔው መታሁበት።"

ጫማ ሠሪው! እሁድ እሁድ ከልጆቹ ጋር ተኩስ የሚወጣው! ስልኳን ከኪሷ አወጣች፤ ቁጥሩን መፈለግ ጀመረች።

"ምን ልበለው? የሥራ ስህተት ነው ልበለው? ወይስ ለምርመራ መልሰው ልበል?"

"አንቺ ምንም አትበይ" አለ አባቷ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን ዘረጋ። "ደውይና ለኔ ስጪኝ።"