ኢሀብ በሚስቱ የማለ ዕለት

«እማማ፣ እርስዎማ ጉድጓድ ውሃው ጋም አይደርሱ!»

ባንታምላክ ይህን ያላት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው፤ ከት ብሎ እየሳቀ። ሱዳን፣ መፋዛ እርሻ ላይ ያሉትን ማሽላ አጫጆች ስታበላ የኖረችው ዙፋን፣ ያ የአጫጆች አለቃ ነኝ ባይ ከእጇ ጎርሶ ባደገበት አፉ ሳቀባት። «በእግሬ ገዳሪፍ እገባለሁ» ማለቷ እንደ ልጅ ጨዋታ ተቆጠረ። አይሆንም ብሎ የለመናት እንኳ የለም፤ እንደማትሄድ እርግጠኞች ነበሩ።

ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ሎሪው ሁሉ ቆሟል። ገዳሪፍ ያለችው ልጇ ደጊቱ ግን ሎሪ እስኪመጣ አትጠብቅም። ወሯ ገብቷል፤ የበኩሯ ነው፤ ባሏም ወርቅ ቁፋሮ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። የበኩር ምጥ ላይ ወገብ የምትይዝ እናት ናት። ዙፋን ይህን ከማንም አልተማረችውም፤ ራሷ አምጣ ነው ያወቀችው። ነጠላዋን በአናቷ ጠምጥማ፣ በትሯን ይዛ ወጣች።

መንገዱ ግን ግራ አጋባት። ታኅሣሥ ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ አቧራውን እያንከባለለ ይጋረፋል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቷ አልታጠፍ ይላታል። በደረሰችበት ሁሉ የማታውቀው ሰው አልጋ ያወጣላታል፣ ብርድ ልብስ ያለብሳታል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ያቀርብላታል። ከዚያ ዝም። «የማን ነሽ? ከየት መጣሽ? ወዴት ነሽ?» የሚል የለም። በእሷ አገር እንግዳ እስከ ሰባት ቤት ዘሩ ይጠየቃል። እነዚህ ግን አብልተው ዝም።

«ሰው መሆኔን አላዩም? ወይስ ዕብድ መስያቸዋለሁ?» እያለች ስትብሰለሰል ዋለች። ሳይጠየቅ የሚበላ ዕብድ ነዋ።

ገዳሪፍ ካሮ በሚሉት የአህያ ጋሪ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀራት፣ ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ጎጆ ደጃፍ ላይ ጉልበቷ እምቢ አላት። ጢሙ ገብስማ የሆነ፣ ኢሀብ የሚሉት ሰው ከአህያ ካሮው ላይ ገለባ እያወረደ ነበር። «ያ ሐቦባ!» አለ፤ አያቴ ማለቱ ነው። በሁለት እጁ ደግፎ የጠፍር አልጋ ላይ አስቀመጣት። እሱም አልጠየቃትም።

ሚስቱ ቱርካ ትኩስ ወተት በቅል አመጣች። ዙፋን በመዳፏ ገፋችው። የገና ጾም ነው። ኢሀብ ወተቱ ያነሰባት መስሎት ዘሎ ወጣና ከበረቱ አንዲት ቀይ ፍየል በቀንዷ እየጎተተ ተመለሰ። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ በአረብኛ ጮኸ።

የዙፋን አረብኛ የገበያ አረብኛ ነው። «ጠላቅ» የምትለዋን ቃል ግን ታውቃለች። ፍቺ ናት። ዞራ ቱርካን አየቻት። ቱርካ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ምን አለ? አንቺን ፈታሽ?»

«ገና ነው እማማ» አለች ቱርካ እየሳቀች፣ በአማርኛ። ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ ከሐበሻ ልጆች ጋር ነው ያደገችው። «ይህች ፍየል ለእንግዳዋ ሳትታረድ ብትቀር ሚስቴ የተፈታች ትሁን ነው ያለው።»

«እና ትስቂያለሽ?»

«ምን ላድርግ? ለሻይም በኔ ይምላል። እንግዳ አልቀመጥም ካለውም በኔ ይምላል። በማለ ቁጥር ብፈታ የአገሩን ወንድ ሁሉ አግብቼ በጨረስኩ።»

«እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ! ጾም ባይሆንስ፣ የእስላም ቢላ የነካውን መቼ በልቼ አውቃለሁ?»

ቱርካ ይህን ለባሏ ነገረችው። የኢሀብ እጅ ቀንዱ ላይ እንዳለ ደረቀ። አጥር ላይ ሁለት ጎረቤቶች አንገታቸውን ብቅ አድርገዋል። ቱርካ ሽንኩርቱን አስቀመጠች፤ ከፊቷ ላይ ሳቁ ጠፋ።

«እማማ፣ ሰው ሰምቷል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሲምል ሁሉም ይበላለታል። እምቢ ያለ እስከ ዛሬ አልመጣም። እንግዳዋ ካልበላች ደግሞ ለእሷ ታረደ አይባልም።»

ዙፋን ጭራሽ ዞረባት። ቅድም ቀልድ የነበረው አሁን ቀልድ አልሆነም። ብትበላ ጾሟና ማተቧ፤ ባትበላ ያልበደለቻት ሴት ትዳር። የሰው ጎጆ አፍርሳ ሄዳ በየትኛው እጇ የደጊቱን ወገብ ልትይዝ ነው? ደግሞስ ይህ ሰው ምን አይቶባት ነው ሚስቱን የሚያስይዝላት?

«ስሜን እንኳ አልጠየቀኝ!» ብላ ጮኸች። «ስሟን ለማያውቃት አሮጊት ሚስቱን ያስይዛል?»

«እንግዳ አይጠየቅም እማማ፣ ነውር ነው። የማን መሆኔን ሰምቶ ነው ያበላኝ እንዳይል።»

እስካሁን የቆጠረችው ንቀት ሁሉ አክብሮት ኖሯል ማለት ነው? ወይስ ይህችም እያባበለቻት ይሆን? መለየት አቃታት። ፍየሏ ጮኸች፤ የዙፋን ዓይን ከፍየሏ ተነሥቶ ካሮው ላይ አረፈ።

«እስኪ ድገሚልኝ። ፍየሏ ለኔ ትታረድ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ብሏል?»

«አላለም።»

«ቢላዋውን ማን እንደሚይዝስ?»

ቱርካ ባሏን ጠየቀችው። ኢሀብ ጢሙን አክኮ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ዙፋን በትሯን መሬት ላይ ተክላ ተነሣች። «እንግዲያ ስማ፣ አንተ መሐለኛ! ስሜ ዙፋን ነው፤ ሳትጠይቀኝ ነገርኩህ። ልጄ ገዳሪፍ ብቻዋን ልትወልድ ነው። ፍየሏ ቆማ ከኔ ጋር ትሄዳለች። ጾሙ ሲፈታ የእኛ ሰው ያርዳታል፤ አራሷ መረቋን ትጠጣለች፣ እኔም ሥጋዋን እበላለሁ። ሚስትህም ሚስትህ ናት።»

ቱርካ እያንዳንዷን ቃል አደረሰችለት። ኢሀብ ፍየሏን አየ፣ ሚስቱን አየ፤ ረጅም ትንፋሽ ወጣው። አጥሩ ላይ ያሉትም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቱርካ ሳቋን በልብሷ ጫፍ አፍና ሻይ ልትቀዳ ሮጠች። ኢሀብ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ምን ይላል?»

«አህያዋ ደክማለች፤ ከነገ ወዲያ እወስዳቸዋለሁ ነው የሚለው።»

ከነገ ወዲያ! ዙፋን የቀረበላትን ብርጭቆ ወደ ባለቤቱ መልሳ ገፋችው።

«ሻይህን አልነካም! ያንን ጣትህን አሁኑኑ ወደ ላይ አንሣ። ነገ ጎህ ሲቀድ ዙፋንንና ፍየሏን ጭኜ ልጇ ደጃፍ አደርሳለሁ በል። በል፣ በዚያችው በማውቃት ቃል፣ በቱርካ ማል!»