የተጎዘጎዘችው ታንኳ

ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ውሸት ታክስ ቢከፈልበት ኖሮ፣ ጋሼ ግዛው ብቻውን የካሊፎርኒያን በጀት ይሸፍን ነበር። ሰውየው ተወልዶ ያደገው ጉለሌ ነው። ከውሃ ጋር የነበረው ትውውቅ በባልዲ ነው፤ እሱም ቧንቧው ሲመጣ። ፌርፋክስ ከገባ ወዲህ ግን የጣና ታንኳ ሠሪ ልጅ ሆኗል።

«አንድ ቀን ጉማሬ ታንኳዬን ገለበጠው» ይላል፣ ምሳ ቤቱ ጥግ ላይ ተደላድሎ። «እኔም ተናድጄ ጉማሬውን ገለበጥኩትና ሆዱ ላይ ተቀምጬ እየቀዘፍኩ ገባሁ።»

«ጉማሬው ኢንሹራንስ ነበረው?» ይለዋል ታክሲ ነጂው ተፈሪ።

ሁሉም ይስቃል። የማትስቀው የእህቱ ልጅ ሉሊት ብቻ ናት። እዚያው አሜሪካ፣ ቫን ናይስ ያደገች፣ የአጎቷን ተረት ከወተት ጋር የጠጣች ልጅ ናት። በዓለም ላይ ግዛውን የሚያምን ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ እሱም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል።

ታዲያ ሉሊት ወደብ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ የባሕር ሙዚየም ውስጥ ለሙከራ ተቀጠረች። ሙዚየሟም የቶንግቫን ሕዝብ የምታከብርበት ቀን አዘጋጀች። እነዚህ ሎስ አንጀለስ መንደር እንኳ ሳትሆን በፊት እዚሁ ባሕር ላይ ሲቀዝፉና ሲያጠምዱ የኖሩት ባለአገሮች ናቸው። መጀመሪያ አገራቸው ይወሰዳል፤ ከዚያ ቀን ይሰጣቸዋል፤ ነጻ ፓርኪንግም አለው። የዝግጅቱ ኃላፊ ሉሊት ሆነች። ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ፣ «ካማረ ትቀጥያለሽ፤ ካላማረ ደግሞ እናመሰግናለን» አለቻት። እዚህ አገር «እናመሰግናለን» ማለት በሩ በዚያ በኩል ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ለቦሴ ስላንተ ነግሬያታለሁ» አለችው በስልክ። «ማርሊን የሚባሉ የቶንግቫ አዛውንት እናት ሕዝቡ ፊት የሣር ጀልባ ያስራሉ። ሶ፣ ቅዳሜ መጥተህ ታግዛቸዋለህ።»

ግዛው ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ። «ልጄ፣ እኔኮ የለመድኩት የጣናን ውሃ ነው። የናንተው ጨው አለው።»

«ውሃ ውሃ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ፕሊስ ጋሼ። ጆቤ ነው።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የግዛው ግን እያደር ከበደው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሱ። ሙዚየሟ ባሕሩን ከመውደዷ የተነሳ «ውቅያኖሳችንን ከፕላስቲክ እናድን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታድላለች። ሉሊት አዛውንቷን ከመኪና ልትቀበል ወጣች። «አዳራሹን እያየህልኝ ጠብቅ» አለችው።

ግዛው አየው። ያየው ግን አላስደሰተውም። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ በዓል ነው፣ ወለሉ ግን እንደ ጋራዥ ራቁቱን ተዘርግቷል። ነውር! ደግሞ ጥጉ ላይ ገና አረንጓዴነቱ ያልለቀቀው ቄጠማ በነዶ በነዶ ታስሮ ተቆልሏል። ልቡ ዘለለ። ስለ ታንኳ ባያውቅ ስለ ቄጠማ ያውቃል! ልጅቷ ባተሌ ሆና ሳትጎዘጉዘው ቀርታ ነው ብሎ፣ ማሰሪያውን እየበጠሰ ከበሩ ጀምሮ መሃል ላይ እስከተሰቀለው የዓሣ ነባሪ አጽም ድረስ ወለሉን አለበሰው። አዳራሹ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሰለ።

መጀመሪያ የገባችው ዳይሬክተሯ ናት። ሣሩን አየች፤ የቆመውን ጠይም ሽማግሌ አየች፤ በደሏን ሁሉ አሰበችና ጫማዋን አወለቀች። ማይክሮፎኑንም ያዘች።

«ይህን ጥንታዊ የቶንግቫ ሥርዓት በባዶ እግራችን እናክብር!»

እንግዳው ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ገባ። አንዱ ጠበቃ ዘለላ ሣር ጆሮው ላይ ሰካ። አንዲት ሴትዮ ምድር በእግሯ በኩል አናገረቻት መሰለኝ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ይሄኔ ሉሊት ማርሊንን ደግፋ ገባች። በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ጋሼ... ጀልባው የታለ?»

«የምን ጀልባ?»

«የሚታሰርበት ሣር! የቆምክበት!»

ግዛው ወደ እግሩ አየ። ሉሊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባትህ ታንኳ የሚሠሩት ከምን ነበር?»

የጣና ታንኳ ከደንገል ሣር እንደሚታሰር ጉማሬውን የገለበጠው ሰው ገና አሁን ገባው።

ዳይሬክተሯ ወደ አዛውንቷ ቀረበች። «ሥርዓታችሁን በትክክል ፈጸምነው?»

ማርሊን ባዶ እግሩን የተኮለኮለውን ሕዝብ ተራ በተራ አዩት። «ወገኖቼ ብዙ ነገር ተረግጦባቸዋል» አሉ ረጋ ብለው። «ጀልባችን ሲረገጥ ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

ዳይሬክተሯ ቀላች። ወደ ሉሊት ዞረችና አፏን «እናመሰ—» ለማለት አሞጠሞጠች።

«እኔ ነኝ እማማ!» አለ ግዛው ዘሎ። «በኛ አገር ለበዓል ይጎዘጎዛል፤ ያንን መስሎኝ ነው። ልጅቷ አታውቅም። ታንኳም ሠርቼ አላውቅ፣ እኔ የማውቀው ባልዲ ነው!»

«እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» ብላ ዳይሬክተሯ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሰውየው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር የሚያምነው ጠፋ።

ማርሊን ግን አመኑት። «የረገጠ ይልቀም» አሉ።

ጠበቃውም አልቃሻዋም ተንበርክከው ለቀሙ። ማርሊን ግዛውን አጠገባቸው አስቀምጠው «ያዝ፣ ሳብ፣ አትፍዘዝ» እያሉ አሳሰሩት። ጀልባዋ ወገቧ የተቀጠቀጠ ብትመስልም ጀልባ ሆነች። ውሃው ዳር ሲደርሱ ማርሊን አንድ ጆንያ ሰጡት።

«በል ውጣ። የኔ ጀልባ ላይ የወጣ ባዶ እጁን አይመለስም።»

«እማማ፣ መዋኘት—»

«ጉልበትህ ድረስ ነው።»

ግዛው የሚያውቃቸውን ታቦታት በሙሉ እየጠራ ወጣ። መቅዘፊያውን እንደ ወጥ ማማሰያ ቢያዞረው ጀልባዋም አብራው ዞረች። እየዞረች ግን ቆሻሻው ካለበት አደረሰችው። ጆንያውን ሞልቶ ሲመለስ ማርሊን ዳይሬክተሯ ባዶ እግር ሥር ዘረገፉት፤ ጠርሙስ በጠርሙስ ሆነ፤ ሁሉም ላይ «ውቅያኖሳችንን ከፕላስቲክ እናድን» ይላል።

«ለከርሞ የምመጣው ይህች ልጅ ካለችና እነዚህ ከሌሉ ነው» አሉ ማርሊን።

ካሜራው ሁሉ ዞሯል። «እንዴታ! ሉሊትማ የኛው ናት!» አለች ዳይሬክተሯ። ጫማዋን ስትፈልግ ዋለች፤ አላገኘችውም።

ሲመለሱ ሉሊት ፍሪዌዩን ሙሉ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ድራይቭ አደረገች። ግዛውም መስኮቱን ሲያይ መጣ። ፌርፋክስ ሲደርሱ ጠረጴዛው ሞልቶ ጠበቃቸው።

«እህሳ ካፒቴን!» አለ ተፈሪ። «ባሕሩ እንዴት ነበር?»

ግዛው ሉሊትን ሰረቅ አድርጎ አያት። «ምንም። ጠርሙስ ለቀምኩ።»

ተፈሪ ግንባሩን በመዳፉ ዳሰሰው። «አሞሃል እንዴ ሰውዬ?»

ሉሊት ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ስለ ዓሣ ነባሪው ለምን አትነግራቸውም?»

«የቱ?» አለ ግዛው በፍርሃት።

«የቦሴን ጫማ የዋጠው ነዋ።»

የግዛው ጀርባ ቀስ ብሎ ተቃና። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«እሱን ነው እንዴ? እኔኮ ጫማውን ልመልስ ሆዱ ውስጥ ገብቼ—»

«ቆይ ቆይ» አለ ተፈሪ፣ ፊቱ በርቶ። «ኢንሹራንስ ነበረው?»